የልጃችሁን ስልክ አብራችሁ አስተካክሉ፦ ለአዲስ አበባ ወላጆች፣ ታላላቅ እህቶችና ወንድሞች

አራት ኪሎ ወይም ሜክሲኮ፣ ትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቁሙና እዩ። ዩኒፎርም የለበሰው ልጅ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። የክፍሉ ግሩፕ ቴሌግራም ላይ ነው። የቤት ሥራው፣ የፈተናው ፕሮግራም፣ የሒሳቡ ማብራሪያ ቪዲዮ ሁሉ የሚለቀቀው እዚያው ነው። ስልክ የሌለው ልጅ «ነገ ምን ይዘን ነው የምንመጣው?» ብሎ የጓደኛ በር ማንኳኳት አለበት።

እኔ ተማሪዎችን ኮምፒዩተር አስተምራለሁ። ወላጆች ሲያገኙኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ «ምኑን ልዝጋበት?» ብለው ነው። የሚዘጋ ነገር አለ፤ እነግራችኋለሁ። ግን የዘጋችሁበት ልጅ በጓደኛው ስልክ ይገባል። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ልጁ አንድ ቀን ክፉ ነገር ሲገጥመው ከማንም በፊት ወደ እናንተ እንዲመጣ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡት። በተለይ የመጀመሪያውን ዘላችሁ ወደ ሴቲንግ አትሂዱ።

«ቴክኖሎጂ አላውቅም» ብላችሁም አትሽሹ። ስልኩን ልጁ ራሱ ይያዘው። እናንተ አጠገቡ ተቀመጡና «ይሄ ምንድን ነው? እስቲ ክፈተው» እያላችሁ አብራችሁ ሂዱ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል።

1. መጀመሪያ ቃል ስጡ

ቃሉ ይህ ነው፦ «ስልክህ ላይ የሚያስፈራህ ወይም የሚያሳፍርህ ነገር ከገጠመህ ንገረኝ። ስለነገርከኝ ስልክህን አልነጥቅህም። አልመታህም። አንተን ሳላማክር ለዘመድ አላወራም። አብረን እንፈታዋለን።» በራሳችሁ አነጋገር በሉት፤ ሐሳቡ ግን አይጓደል።

ይህ ለምን ቀደመ? ልጆችን በኢንተርኔት የሚያስፈራሩ ሰዎች አንድ ዛቻ ይደጋግማሉ፦ «ለእናትሽ እልክላታለሁ»። ዛቻው የሚሠራው ልጅቷ ከሰውየው ይልቅ እናቷን ስለምትፈራ ነው። እናቷን ካልፈራች ሰውየው አቅም ያጣል።

ብዙ ቤት ግን የሚሆነው ሌላ ነው። ልጁ አፉን አውጥቶ ሲናገር «ድሮም ይሄ ስልክ ነው!» ይባልና ስልኩ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። ልጁ ከዚያ ቀን የሚማረው ትምህርት አንድ ነው፦ ሁለተኛ አለመናገር። የሚቀጥለውን ችግር ለብቻው ይሸከማል።

ስታወሩት እንደ ችሎት ፊት ለፊት አታስቀምጡት። ቡና ሲፈላ፣ ልብስ ሲታጠፍ፣ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ስትቀመጡ አውሩት። ዓይን ለዓይን መተያየት ሲቀር ልጅ ብዙ ይናገራል።

ደግሞ ሁለተኛ ሰው ምረጡ። ለእናት ወይም ለአባት የማይነገር ነገር አለ። «ለእኔ መንገር ከከበደሽ ለአክስትሽ ንገሪያት» በሉ። ታላቅ ወንድም ወይም አጎትም ሊሆን ይችላል። ግን ያንን ሰው ቀድማችሁ አነጋግሩት። ልጅቷ ስትመጣ «አንቺ ደግሞ ምን አስነካሽ?» የሚል ከሆነ አልመረጣችሁም።

ልጁ የነገራችሁ ቀን የመጀመሪያው ቃላችሁ «ስለነገርከኝ ጎበዝ» ይሁን። ውስጣችሁ ቢነድም።

2. ስልኩን ከሌላ ሰው እጅ አውጡ

መርካቶ ወይም ፒያሳ ስልክ ሲገዛ ጂሜይሉን ብዙ ጊዜ የሚከፍተው የሱቁ ልጅ ነው። ፓስወርዱንም ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፍላችኋል። ይህን የሚያደርገው ሊተባበራችሁ ነው። ግን ያንን ፓስወርድ ከእናንተ ሌላ የሚያውቀው ሰው አለ ማለት ነው። በዚያ ጂሜይል የገባ ሰው ስልኩ የት እንዳለ፣ ኮንታክቶቹንና ባክአፕ የተደረጉ ፎቶዎችን ከሩቅ ማየት ይችላል።

ስለዚህ የስልኩን ሴቲንግ ክፈቱ፣ ጉግል የሚለውን ንኩ፣ ከዚያ የአካውንቱን ሴኪዩሪቲ ክፍል ፈልጉ። ፓስወርዱን ቀይሩ። የመልሶ ማግኛ ስልክ ቁጥሩ የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ። የተገናኙ ስልኮች ዝርዝር እዚያው አለ፤ የማታውቁት ስልክ ካለ አስወጡት።

ያገለገለ ስልክ ከሆነ የገዛችሁት፣ ሻጩ ፊታችሁ ሆኖ አካውንቱን ያውጣና ሙሉ በሙሉ ሪሴት ያድርገው። አካውንቱን ሳያወጣ ሪሴት ካደረገው ስልኩ የድሮውን ባለቤት ፓስወርድ ይጠይቅና ተቆልፎ ይቀራል።

ለጥገና ስትሰጡ ሚሞሪ ካርዱን አውጡ። መስታወት ብቻ የሚቀየር ከሆነ ፒኑን አትስጡ፤ ከቻላችሁም እዚያው ሆናችሁ ጠብቁ። የልጃገረዶች ፎቶ በጥገና ሰበብ መውጣቱን ከራሳቸው ከተማሪዎች ሰምቻለሁ።

ከዚያ አፖቹን አብራችሁ እዩ። ከፕሌይ ስቶር ውጭ በሱቅ ወይም በጓደኛ በኩል የተጫነ «የተሻሻለ» ቴሌግራም ካለ አጥፉትና ዋናውን ጫኑ። ነፃ ቪፒኤንም እንዲሁ። በ2015 ዓ.ም ከየካቲት ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ሲገደቡ የከተማው ልጅ ሁሉ ቪፒኤን ጫነ። ብዙው ዛሬም ስልኩ ላይ አለ። ነፃ ቪፒኤን ማለት የልጁ የኢንተርኔት ጉዞ ሁሉ በማታውቁት ድርጅት በኩል ያልፋል ማለት ነው።

ሲም ካርዱ ብዙ ጊዜ በእናንተ ስም የወጣ ነው። ይህ ጥሩ ነው። ስልኩ ቢሰረቅ መታወቂያ ይዛችሁ ቁጥሩን ታስመልሳላችሁ፤ በቁጥሩም የልጁን አካውንቶች። ለኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውላችሁ ቁጥሩን ማሳገድም ትችላላችሁ። ልጁ ቁጥር ከቀየረ ግን አሮጌውን ከመጣሉ በፊት ቴሌግራሙን ወደ አዲሱ ቁጥር ያዛውር። ያለበለዚያ ቁጥሩ አንድ ቀን ለሌላ ሰው ይሰጣል።

3. የልደት ዓመቱን እዩ

ይህ እኛ አገር ብቻ ያለ ችግር ነው። ሲነገርም ሰምቼ አላውቅም። እባካችሁ አትለፉት።

በ2004 ዓ.ም የተወለደ ልጅ ቲክቶክ ሲከፍት «መቼ ተወለድክ?» ይባላል። እሱም የሚያውቀውን ይጽፋል፦ 2004። አፑ ግን የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው። 14 ዓመት የሆነው ልጅ ለቲክቶክ 22 ዓመት የሞላው ጎልማሳ ሆነ። ልጁ አልዋሸም። ሆኖም ለልጆች የተሠራው ጥበቃ ሁሉ በዚያች አንዲት ቁጥር ተነሣ።

ምን ጥበቃ? ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ አካውንት እንዲከፍት አይፈቅድም። ከ16 ዓመት በታች የሆነ አካውንት ሲከፈት ጀምሮ የግል ነው፤ ተከታይ ያልሆነ ሰው ቪዲዮውን አያይም። የቀጥታ መልእክትም አይላክለትም። ላይቭ (የቀጥታ ስርጭት) መክፈት የሚቻለው ከ18 ዓመት በላይ ነው። ከ18 በታች ላሉት የቀን አጠቃቀም 60 ደቂቃ ሲሞላ አፑ ራሱ ይጠይቃል። ኢንስታግራምም ለታዳጊዎች የተለየ አካውንት አለው፤ ሲከፈት የግል ሆኖ ነው። 22 ዓመቱ ነው ለተባለ ልጅ ግን ይህ ሁሉ የለም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የልጁን የልደት ቀን ወደ ፈረንጆቹ ቀይሩ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ከተወለደ ዓመቱ ላይ 7 ደምሩ፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ 8። ቀኑንና ወሩን ስልክ ላይ ባለ የካሌንደር አፕ አረጋግጡ። አካውንት ላይ አንዴ የገባ ዕድሜ ማስቀየር ጣጣ አለው። አሮጌውን አጥፍቶ በትክክለኛው ቀን አዲስ መክፈት ይቀላል። ልጁ «ተከታዮቼስ!» ብሎ ያለቅሳል። ታገሡት። እውነተኛ ጓደኞቹ በሳምንት ውስጥ ይመለሳሉ።

4. ቴሌግራም

በአዲስ አበባ ልጆች ላይ የሚደርሰው አብዛኛው ነገር የሚጀምረው እዚህ ነው። ጊዜ ስጡት።

ሴቲንግ ግቡ፣ ከዚያ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ። «ፎን ነምበር» የሚለውን ማንም እንዳያየው አድርጉ። ከሥሩ በቁጥሩ ማን ሊያገኘው እንደሚችል ይጠይቃል፤ ኮንታክቶቼ ብቻ በሉት። ፕሮፋይል ፎቶም ለኮንታክት ብቻ። ጥሪም እንዲሁ። «ግሩፕስ» ወይም «ኢንቫይትስ» የሚለውን ሳትረሱ ኮንታክት ብቻ አድርጉ። ልጆች ሳይጠየቁ የሚጨመሩባቸው አስጸያፊ ግሩፖች የሚገቡት በዚህ ክፍት በር ነው።

እዚያው ገጽ ላይ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አለ። አብሩት። ሌላ ፓስወርድ ይጠይቃችኋል፤ ልጁ የማይረሳውን፣ ሌላ ሰው የማይገምተውን ምረጡ። የእናንተን ኢሜይል ለመልሶ ማግኛ አስገቡ። ይህ ከበራ አንድ ሰው በኤስኤምኤስ የሚመጣውን ኮድ አታልሎ ቢወስድበት እንኳ አካውንቱ ውስጥ አይገባም።

ማታለሉ ደግሞ በየቀኑ አለ። ከምታውቁት ሰው «ልጄ ውድድር ላይ ናት፣ እባካችሁ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል ሊንክ ይመጣል። ሲነካ ስልክ ቁጥርና ኮድ ይጠይቃል። ኮዱን ያስገባ ሰው አካውንቱን አስረከበ። ከዚያ በእሱ ስም ለዘመድ አዝማድ «ትንሽ ብር በቴሌብር ላክልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ» ይጻፋል። ለልጁ አንድ መመሪያ ብቻ ስጡት፦ በስልኬ የገባ ኮድ ለእናቴም አይነገርም።

«ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱ። አካውንቱ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ተዘርዝረዋል። ኢንተርኔት ካፌ የተረሳ ወይም የማይታወቅ ካለ ሁሉንም አስወጡ። በየወሩ እዩት።

አሁን ሴቲንግ ወደማይፈታው እንምጣ። ቴሌግራም ላይ ከማይታወቅ ሰው ጋር ስም ሳይጠራ የሚያገናኙ ቦቶች (በራሳቸው የሚሠሩ አካውንቶች) አሉ። ልጆች በጨዋታ ይገባሉ። ዕድሜ የሚያጣራ የለም። የ13 ዓመት ልጅ ከማን ጋር እንደምታወራ አታውቅም። የሚስጥር መናዘዣ ቻናሎችም አሉ፤ የትምህርት ቤት ልጆች በስም ይነሡባቸዋል፣ ይሰደቡባቸዋል። የተራ ፎቶ ልብስ አውልቆ የሚያሳይ ሐሰተኛ ምስል የሚሠሩ ቦቶችም አሉ። የልጅቷ ፎቶ ከፕሮፋይሏ ይወሰድና የማታውቀው ምስል ይወጣባታል። ይህንን ቀድማ ካወቀች የደረሰባት ቀን «ይሄ እኔ አይደለሁም፣ የተሠራ ነው» ለማለት ድፍረት ታገኛለች። ካላወቀች ግን ሰው የሚያምናት አይመስላትም።

ከማታውቀው ሰው ጋር ስታወራ የምትለይበትን ምልክት ንገሯት። በፍጥነት ያቆላምጣታል። «ለማንም አትንገሪ» ይላል። ከግሩፕ አውጥቶ ወደ ሲክሬት ቻት ይወስዳታል። ካርድ ይሞላላታል። ከዚያ ፎቶ ይጠይቃል። «ለማንም አትንገሪ» ያለ ሰው፣ ያን ጊዜውኑ ለሰው ይነገርበታል። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህቺን እንዳትረሳ።

5. ቲክቶክ

የእናንተን ቲክቶክ ከልጁ ጋር አገናኙ። ሴቲንግ ውስጥ ፋሚሊ ፔሪንግ የሚል አለ። የሁለታችሁን ስልክ አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ኮዱን ስካን ታደርጋላችሁ። ከዚያ የቀኑን የጊዜ ገደብ፣ መልእክት የሚልክለትን ሰውና ለልጅ የማይሆኑ ቪዲዮዎችን ከራሳችሁ ስልክ ትወስናላችሁ። በድብቅ አታድርጉት። ደግሞም አይቻልም፤ ልጁ መስማማት አለበት።

የሚያየው ነገር ከከፋ አፑን ከማጥፋታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ቲክቶክ አንድ ጊዜ ቆም ብለው ያዩትን ነገር ደጋግሞ ያመጣል። የክብደት መቀነሻ ያየች ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ቀጫጭን ሰዎችን ታያለች። ያዘነ ልጅ ሐዘን ይመጣለታል። ኮንቴንት ፕሪፈረንስስ ውስጥ ገብታችሁ የሚመጣላትን ቪዲዮ እንደ አዲስ ማስጀመር ይቻላል። የማትፈልገውን ቪዲዮ ደግሞ ጫን ብላ ይዛ «ኖት ኢንተረስትድ» ትበል። አብራችሁ አንድ አምስት ቪዲዮ እዩና «ይሄን ስታይ ምን ይሰማሻል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመልሷ ብዙ ነገር ታገኛላችሁ።

ሌሊት ላይ በላይቭ የሚደረገው መሰዳደብ ለልጅ አይሆንም። ይህንን በግልጽ መከልከል መብታችሁ ነው።

ዩኒፎርም ለብሶ፣ የትምህርት ቤቱ ስም ደረቱ ላይ እየታየ ቪዲዮ መልቀቅም ይቁም። የሠፈሩ ታፔላ፣ የቤቱ በር፣ በየቀኑ የሚሳፈርበት ታክሲ ተራ የሚታይበትም። ያየው ሁሉ በስንት ሰዓት የት እንደሚገኝ ያውቃል።

6. ገንዘብ

የቴሌብር ፒናችሁን ልጁ ያውቃል? አብዛኞቻችሁ «ካርድ ሙላልኝ» ስትሉ ነግራችሁታል። ዛሬ ቀይሩት። ላይቭ ላይ ስጦታ የሚላከው፣ ቤቲንግ የሚቆረጠው፣ አታላይ የሚከፈለው በእሱ ነው።

ከልጆች ገንዘብ የሚወሰድባቸው መንገዶች ይታወቃሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በቀረበ ቁጥር «የዘንድሮው ፈተና እጃችን ላይ አለ» የሚሉ ቻናሎች ይፈላሉ። ተማሪው ይልካል፤ ያገኘው የአምና ጥያቄ ነው፣ ወይም ብሎክ ይደረጋል። «ቪዲዮ ላይክ እያደረግክ በቀን ይህን ያህል ትሠራለህ» የሚለው ሥራ ደግሞ መጀመሪያ ትንሽ ብር በእውነት ይከፍላል፣ ከዚያ ትልቅ ተቀማጭ ይጠይቅና ይጠፋል። «ዱባይ ሥራ አለ፣ ውስጥ መስመር ግቢ» የሚል ደላላም ታዳጊ ሴቶችን ያጠምዳል። በሕግ ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ለሥራ ውጭ መሄድ እንደማይቻል ንገሯት።

ሥራ ነው ለሚባል ሁሉ የሚሠራ ደንብ፦ ሥራ የሚሰጥ ሰው ቀድሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

7. ሌሊት

ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የቤቱ ስልክ ሁሉ ሳሎን ይደር። የእናንተም። የሌሊት ጥቅል ስለሚረክስ ብዙ ልጅ ዳታውን የሚጨርሰው ሰው ሲተኛ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሣ ልጅ 3 ሰዓት ላይ ቢተኛ 9 ሰዓት ይሞላለታል። «አላርም ያስፈልገኛል» ካለ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙለት።

ስልክ ብቻ ተቀንሶ ምትክ ካልተገኘ ግን አይዘልቅም። ቅዳሜ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከጓደኛው ጋር ይሂድ። ኳስ ካለው ኳስ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ካለው ሰንበት ትምህርት ቤት።

8. ነገሩ ከደረሰ በኋላ

አንድ ቀን ልጃችሁ መጥታ «አንድ ሰው ፎቶዬን እለቀዋለሁ እያለኝ ነው» ትላለች። ወይም ወንዱ ልጅ። በወንዶች ላይ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በቆንጆ ልጅ ፎቶ የተከፈተ አካውንት ነው። በቪዲዮ ይደወልለታል፣ ይቀረጻል፣ ከዚያ ገንዘብ ይጠየቃል። ወንድ ልጅ ስለሚያፍር ከሴቷም በላይ ዝም ይላል።

እንዲህ አድርጉ።

ገንዘብ አትክፈሉ። የከፈለ ሰው እንደገና ይጠየቃል። ተጨማሪ ፎቶ አትላክ። አትለማመጥ፣ አትሳደብ። መልስ መስጠት ይቁም።

ምንም ነገር አታጥፉ። ልጆች ደንግጠው መጀመሪያ የሚያደርጉት ቻቱን ማጥፋት ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ያኛው ሰው ከሁለቱም ስልክ ላይ ጽሑፉን ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ ወዲያው ስክሪን ሾት አንሡ፦ ዛቻውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ዩዘርኔሙን፣ ፕሮፋይሉን፣ ገንዘብ ይላክበት ያለውን የቴሌብር ወይም የባንክ ቁጥር። ሲክሬት ቻት ከሆነና ስክሪን ሾት እምቢ ካለ በሌላ ስልክ ፎቶ አንሡት።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የልጅቷን የራቁት ምስል ራሱን አትቅዱ፣ ወደ ስልካችሁ አትላኩ፣ ለአጎት «እስቲ እየው» ብላችሁ አታስተላልፉ። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ወሲባዊ ምስል መሥራት፣ ማሰራጨትና ያለ ፈቃድ መያዝ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ይህን ለክፍል ጓደኞቿም ንገሩ። በግሩፕ «ሼር» ያደረገ ተማሪም ማሰራጨቱ ነው። ታዳጊን በመልእክት ወይም በምስል ለወሲብ የሚያባብል ሰው ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይጠብቀዋል። ዛቻና ደጋግሞ ማሸበርም በዚሁ አዋጅ ወንጀል ነው።

ማስረጃው ከተያዘ በኋላ ሪፖርት አድርጉ፣ ከዚያ ብሎክ። ቴሌግራም ላይ መልእክቱን ጫን ብላችሁ ሪፖርት የሚለውን ምረጡና የልጆች ጥቃት መሆኑን ግለጹ። በሕፃናት ላይ ለሚፈጸም ጥቃት የተለየ ኢሜይልም አላቸው፦ stopCA@telegram.org። ግሩፕ ወይም ቻናል ከሆነ ጓደኞቿና ዘመዶቿም ለየብቻ ሪፖርት ያድርጉ፤ ምስሉን ሳያስተላልፉ።

ምስሉ ገና አልወጣም ወይም በሌላ ቦታ እንዳይወጣ ፈርታችኋል እንበል። ቴክ ኢት ዳውን (Take It Down) የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። የሚያስተዳድረው በአሜሪካ የጠፉና የተበደሉ ልጆች ብሔራዊ ማዕከል ነው። ከ18 ዓመት በታች ሳለች ለተነሣ ምስል ነው። ስም አይጠይቅም። ምስሉ ከስልኳ አይወጣም። ከምስሉ የሚወጣ መለያ ቁጥር ብቻ ይላካል፤ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክን የመሳሰሉት በዚያ ቁጥር ምስሉን ፈልገው ያነሡታል። ቴሌግራምን ግን ለብቻው ሪፖርት ማድረጉን አትተዉ። ከ18 በላይ ሆና ለተነሣ ምስል ደግሞ ስቶፕ ኤን ሲ አይ አይ (StopNCII) የሚባል ተመሳሳይ አገልግሎት አለ።

ከዚያ ፖሊስ። ለአስቸኳይ 991 ይደወላል። ያለበለዚያ ወደ ክፍለ ከተማው ፖሊስ ሂዱና የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚመረምረውን ክፍል ጠይቁ። ስልኩን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ማስረጃውን ለማተም ብላችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት አትግቡ፤ ፋይሉ የሱቁ ኮምፒዩተር ላይ ይቀራል። ልጅቷ ታሪኩን በየቢሮው በር ላይ እንዳትደግመው ዋናውን ነገር፣ ቀኑንና ሰዓቱን በአንድ ወረቀት ጻፉላት። የመዝገብ ቁጥሩንና የመርማሪውን ስልክ ሳትቀበሉ አትውጡ።

ሰውየው በአካል አግኝቷት ጉዳት አድርሶባት ከሆነ ቅድሚያው ሕክምና ነው። ልብሷን ሳታጥቡ፣ እሷም ሳትታጠብ በዚያው ቀን ውሰዷት። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና የሕግ ጉዳዩን በአንድ ቦታ የሚያይ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለው።

ትምህርት ቤት የሚነገረው የክፍል ልጆች እጃቸው ካለበት ነው። ለርእሰ መምህሩ ወይም ለምክር አገልግሎት መምህሯ ብቻ ንገሩ። በሰልፍ ሥነ ሥርዓት ላይ «አንዲት ተማሪያችን» ተብሎ እንዳይወራ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ስሟ ባይጠራም ሁሉም ያውቃታል።

ቀጥሎ ባሉት ሳምንታት ምግቧን፣ እንቅልፏንና ዝምታዋን እዩ። «ባልኖር ይሻላል» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ በቀልድ አትውሰዱት። በቀጥታ ጠይቋት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ብቻዋን አትተዉአት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ቅርባችሁ ያለ ሌላ ሆስፒታልም መጀመር ይቻላል።

ለጥቂት ወራት በሳምንት አንድ ጊዜ ስሟንና ዩዘርኔሟን ቴሌግራምና ቲክቶክ መፈለጊያ ላይ እናንተ ጻፉ። እሷ አትፈልግ። የተዘጋ ቻናል በሌላ ስም ይከፈታል። ካገኛችሁት ስክሪን ሾት፣ ሪፖርት፣ ከዚያ በመዝገብ ቁጥሩ ለመርማሪው መደወል።